አዲስ የኋላ ሾክ ለምን ዘይት ያፈሳል፦ የአንድ እንቁላል ጫኝ ቦክሰር ጉዳይ

አዲስ የሞተር ሳይክል ሾክ፣ ማለትም ጉድጓድ ላይ ንጥሻውን የሚያበርደው ዕቃ፣ ተገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ሰው ሁሉ አፉ ላይ ያለችው መልስ አንድ ናት፣ «ኮፒ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?»። ኮፒነቱ አልተካደም፣ ግን ይቺ መልስ ምንም አታስጠግንም፣ ምክንያቱም ያንኑ ኮፒ ገጥመው ዓመት ከምናምን ያለ ችግር የሚነዱ ሞልተዋል፣ ስለዚህ የኛው ለምን ቶሎ እጅ ሰጠ የሚለው ካልታወቀ ሌላ ብትገዙም ያው ነው። እዚህ የምጽፈው ቢሾፍቱ ላይ እንቁላል የሚያከፋፍል የሰፈራችን ልጅ ቦክሰር 150 በሚባለው የባጃጅ ሞተሩ ላይ የሆነውን ነው። እኔ ጋራዥ የለኝም፣ ግን ሞተር ስፈታ ስገጥም ያደግኩ ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ሌላው ሁሉ አልሆን ሲላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ልጁ ከእርባታ ቤቶች እንቁላል ተቀብሎ ለሱቅና ለካፌ ያደርሳል፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴ ዱከም፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ሞጆም ይወርዳል። ከኋላ በብየዳ የተሰራ የብረት ሳጥን አለው። አንድ ትሪ 30 እንቁላል ይይዛል፣ አንዱን እንቁላል 60 ግራም ብትሉት ትሪው 1.8 ኪሎ ይመጣል፣ 30 ትሪ ሲጭን 54 ኪሎ ማለት ነው፣ የሳጥኑ ብረት ሲጨመርበት አንድ ጎረምሳ ከኋላ እንደማፈናጠጥ ነው፣ ልዩነቱ ጎረምሳው ጉድጓድ ሲመጣ ከመቀመጫው ብድግ ይላል ሳጥኑ ግን አይልም። በዛ ላይ ሳጥኑ ከኋላው ጎማ መሃል አልፎ ወደ ኋላ ስለወጣ ክብደቱ በሾኩ ላይ ከሚዛኑ በላይ ይበረታል። መንገዱን በተመለከተ ዋናው አስፋልት ምንም አይልም፣ ጉዱ ያለው ውስጥ ለውስጥ ነው፣ ኮብልስቶን አለ፣ ከሱ ስትወጡ ደግሞ ወደ እርባታዎቹ የሚያስገባው ቀይ አሽ የፈሰሰበት መንገድ። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ቀይ አሹን ያውቀዋል፣ ሐይቆቹን የሰራው እሳተ ገሞራ የተፋው ነገር ስለሆነ በከተማው ዙሪያ እንደልብ ይዛቃል፣ በበጋ ዱቄቱ የትም ይገባል፣ ዱቄቱ ደግሞ ስለታም ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሞተሩ ሁለተኛ እጅ ነው። በ2011 ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሲታገድ ባለቤቱ ቶሎ ልገላገለው ብሎ ሲሸጥ ነው የገዛው። ከሞተሩ ጋር የመጡት የኋላ ሾኮች ኦሪጅናል ነበሩ፣ አንድም ቀን ዘይት አላፈሰሱም፣ ዝም ብለው ነው ያረጁት። ቀኝ በኩል ያለው ሞቶ ነበር፣ ከኋላ ስትጫኑት ይወርዳል፣ ስትለቁት አንዴ ተመልሶ መቆም ሲገባው ይነጥራል ይነጥራል። ልጁ ይሄን ያወቀው በሾኩ ሳይሆን በእንቁላሉ ነው፣ የሚሰበረው በዛበት፣ በተለይ ከታች ያሉት ትሪዎች።

ሁዳዴ ሲገባ ሊቀይራቸው ወሰነ። ጊዜው ትክክል ነው፣ 55 ቀን ሙሉ ጿሚው እንቁላል ስለማይነካ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩ አንድ ቀን ቢቆም ብዙ አይጎዳውም። ታዲያ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ «ጋዝ» የሚሏቸውን ገዛ፣ ከላይ ትንሽ ጠርሙስ የተለጠፈችበት፣ ሞላው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የሚስብ ነገር። ዋጋው የኦሪጅናሉ ሲሶ አካባቢ ነበር። ባለሱቁ «ወንድሜ ይሄ እኮ የውድድር ሞተር ላይ የሚገጠም ነው፣ ላንተ እንቁላል ይበዛበታል» ብሎታል አሉ። ሰፈር ያለ ልጅ ገጠመለት። ጾሙን ሙሉ በቀን አምስት ስድስት ትሪ እየጫነ ነዳ፣ ምንም። ቆንጆ ናቸው እያለ ሲያወራልን ነበር።

የሕማማት ሳምንት መጣ። ሰው ለፋሲካ ዶሮውን ከነእንቁላሉ ማዘጋጀት ሲጀምር ሳጥኑ ጢም ብሎ መሞላት ጀመረ፣ በየቀኑ ሁለት ሦስቴ ምልልስ። ከበዓሉ በፊት ቀኝ ሾክ ታች ላይ ረጠበ፣ በዓሉ ሲያልፍ ግራውም ተከተለው። ለኔ ከሁሉም በላይ የነገረኝ ይሄ ነው። ሾኩ ዝም ብሎ ከፋብሪካ የተበላሸ ቢሆን ጾሙ ላይ ያፈስ ነበር። እሱ ግን የታገሰው ጭነቱ ቀላል እያለ ነው፣ የተረታው በጭነት ነው።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጋራዥ ወስዶት ነበር። እዛ «ሲሉ ነው፣ ሲል ይቀየርለታል» ተባለ (ሲል የሚባለው ዘይቱ እንዳይወጣ ዘንጉን ዙሪያውን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ነው)፣ ቀኙ ተፈታ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ሲል ተገኘለት፣ ዘይት ተሞልቶ ተገጠመ። ሳምንት አልቆየም። እንደውም ከመጀመሪያው ባሰበት፣ የመጀመሪያው ረጠብ ረጠብ ነበር፣ ይሄኛው ግን አንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ጧ አለና ሲሉ ራሱ ከቦታው ወጥቶ ዘይቱ ጎማው ላይ ተደፋ። እግዜር ይስጠው ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ዘይት የነካው የኋላ ጎማ ኩርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሞተረኛ አይነገርም።

«ጋሼ ሌላ ጠንካራ ሲል ይገኝ ይሆን?» ብሎ ነው የመጣው። ሲሉን ተወውና እስኪ ሞተሩን አምጣው አልኩት።

መጀመሪያ ያደረግነው ግራው በእርግጥ ማፍሰሱን ማረጋገጥ ነው። ይሄ ቀልድ ሊመስል ይችላል ግን ቦክሰር ላይ ሰንሰለቱ በግራ ነው ያለው፣ ሰንሰለት ዘይት አብዝቶ የሚቀባ ሰው ግራ ሾኩ ሁሌ ቆሻሻ ነው፣ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሾክ አውልቆ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ሾኩን በቤንዚን ጨርቅ ደህና አድርገን ጠረግነው፣ አደረቅነው፣ የሾኩ ዘንግ ወደ ዘይቱ ቱቦ የሚገባበት ቦታ ዙሪያውን የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበት፣ ከዛ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ሰፈሩን ዞሮ መጣ። ከሰንሰለት የተረጨ ቢሆን ነጠብጣብ ሆኖ ከውጭ በኩል ነው የሚታየው። የኛ ግን ፓውደሩ ዘንጉ ስር ጨረቃ ቅርጽ ሠርቶ ረጠበ፣ ሙሉ ቀለበት ሳይሆን ግማሽ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ። ያፈሳል፣ ግን በአንድ ጎን ነው የሚያፈሰው። ቀኙን ስናየው የረጠበው በዛው በኩል ነው፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ የዞረው ጎን።

ሲል በእርጅና ወይም በጥራት ማነስ ሲሞት ዙሪያውን ነው የሚሞተው። በአንድ ጎን ከተበላ ዘንጉን የሆነ ነገር ወደዛ እየገፋው ነው። እሱን ፍለጋ ገባን።

ሁለቱንም አውልቀን ከአሮጌዎቹ ጎን መሬት ላይ አጋደምናቸው። አዲሶቹ ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ሲለኩ ሁለት ሴንቲ ያህል ይረዝማሉ። ልጁ ያኔ ነው «አሃ ለዛ ነው እንዴ» ያለው፣ ለካ ሾኩ ከተገጠመ ጀምሮ በመሃሉ ማቆሚያ ሲያቆመው የኋላ ጎማው ከመሬት አይነሳለትም ነበር፣ በጎን ማቆሚያው ሲቆም ደግሞ ከልክ በላይ ያጋድላል። ይሄ ረዥም ሾክ ለመገጠሙ ማንም ሳይለካ የሚያየው ምልክት ነው። ርዝመቱ ለብቻው ሲል አያፈነዳም፣ ግን ጎማውን የያዘውን የኋላ ክንድ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ሾኩ የቆመበትን ማዕዘን ይቀይራል፣ የሰንሰለቱንም ውጥረት ይለውጣል።

ዋናው ነገር የተገኘው የላይኛው ቀዳዳ ላይ ነው። የአዲሱ ሾክ የቡሽ ቀዳዳ፣ ማለትም ሾኩ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ቀለበት፣ ፍሬሙ ላይ ካለው ዘንግ ይሰፋል። ገጣሚው ልጅ ክፍተቱን ከውስጠኛ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ጠቅልሎ ሞልቶታል፣ ሮንዴላውንም፣ ጠፍጣፋዋን የብረት ቀለበት፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው ያስገባው። ታችኛው ቡሽ ደግሞ ጠባብ ነበር፣ በመዶሻ ነው የገባው፣ ዳዶው ሲጠብቅ ሾኩን ወደ ውስጥ ጎትቶታል። ስለዚህ ሾኩ ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከላይ ወደ ውጭ ከታች ወደ ውስጥ ተጣሞ ነው የተቀመጠው። ሾክ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ትንሽ መወዛወዝ አለበት፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ የተደረገው ለዛ ነው። ታንቆ ከታሰረ ግን ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከመግባት ይልቅ የሲሉን አንድ ከንፈር እየፈጨ ይገባል፣ በየጉድጓዱ፣ ቀኑን ሙሉ።

ዘንጉን በጨርቅ ጠርጌ በጥፍሬ ከላይ ወደ ታች ሄድኩበት። ውስጠኛው ጎን ላይ ክሮሙ ደብዝዟል፣ በቁመቱ የተጫረ ቀጫጭን መስመር አለበት፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ጥፍሬን ያዝ አደረገኝ። ውጫዊው ጎን መስታወት ነው፣ አዲስ። እዚህ ላይ ነው ቀይ አሹ የሚገባው። ኦሪጅናሉ ላይ ዘይት የያዘው ቱቦ ከታች፣ ዘንጉ ከላይ ነው፣ ዘንጉም ሽፋን አለው። ይሄኛው ግን ተገልብጦ ነው የተሰራው፣ ቱቦውና ጠርሙሷ ከላይ፣ ዘንጉ ከታች፣ እርቃኑን፣ ልክ ጎማው ጭቃና አቧራ የሚረጭበት ቦታ ላይ። የተበላው ሲል ከንፈር ዘይት ያረጥባል፣ ዘይቱ ዱቄቱን ይይዛል፣ ዱቄቱ ደግሞ መልሶ ዘንጉን ይፍቃል። ሲሉ ወደ ታች ስለሚያይ የወጣው ሁሉ በቀጥታ ይንጠባጠባል፣ የሚጠራቀምበት የለም።

አንዳንዱ ሞተረኛ ለዚህ ብሎ ሾኩ ላይ የቆየ ካልሲ ያለብሳል። እኔ አልወደውም። ደረቅ አቧራ ሊከላከል ይችላል፣ ክረምት ላይ ግን እርጥብ ጭቃ ታቅፎ ክሮሙ ላይ ያስቀምጣል፣ ዝገት እንደመጥራት ነው።

አሁን ቀኙ ለምን ፈነዳ ወደሚለው። የወጣውን ሲል ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጀርባው ላይ እንደ ብዙው ሲል ሦስት ቁጥር አለው፣ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ዓይነቱ ግን ለሚሽከረከር ዘንግ የሚሆን ነው፣ የሞተር ክራንክ ወይም የማርሽ ዘንግ ጫፍ ላይ የምናየው። ያ ሲል ዘይት እንዳይንጠባጠብ ያግዳል እንጂ ግፊት አይችልም፣ ወደላይ ወደታች ለሚሄድ ዘንግም አልተሰራም። ቶርኖ ቤቱን አልፈርድበትም፣ ቁጥር ተነግሮት ቁጥር ነው የሰጠው።

ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ዘይቱን አፍ እስከገደፉ ሞሉት። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ሾክ ሲታመቅ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዘንግ ደግሞ ብረት ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ዘይት አይታመቅም፣ ስለዚህ ዘንጉ ለሚይዘው ቦታ የሚታመቅ ጋዝ ወይም አየር የግድ መተው አለበት። የጠርሙሷም ሥራ ይሄ ነው፣ ናይትሮጅን ይዛ ለዘይቱ ቦታ መልቀቅ። የኛዋ ጠርሙስ ጫፏ ላይ እንደ ጎማ ያለ ቫልቭ አላት፣ የግራውን ስንነካው ትንሽ ፍስ አለና ጸጥ። የቀኙ ሲፈታ ጠርሙሷ ውስጥ ግፊት አልነበረም አሉ፣ ዘይትና አየር ተደባልቆ አረፋ ሆኗል። እሷንም ጭምር በዘይት ሞሏት። ከዛ ሙሉ ጭነት፣ ጉድጓድ፣ ዘንጉ ገባ፣ ዘይቱ መሄጃ አጣ፣ ሲሉ ወጣ። የሞሉት ዘይትም 20ደብሊው50 የሞተር ዘይት ነበር፣ ለሾክ በጣም ወፍራም። የሾክ ወይም የፎርክ ዘይት ካልተገኘ ብዙ ሰው ኤቲኤፍ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማል፣ እሱ ይሻላል። ፍሬን ዘይት ግን በጭራሽ፣ የተለመደውን የዘይት ሲል ላስቲክ አብጦ እንዲበላሽ ያደርገዋል። አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ጋዝ ያለበትን ሾክ ግፊቱን ሳያስወጡ መፍታት አደገኛ ነው፣ ፊት ላይ ነው የሚፈናጠረው።

የቀረው ጥያቄ ጭነቱ ነበር። አሮጌውን ሾክ ሞላውን አውልቀን ስናይ ሞላው ሁለት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። ባጃጅ ኤስኤንኤስ የሚለው ይሄን ነው፣ ባዶ ሲነዳ እንዲለሰልስ፣ ሲጫን ደግሞ ሁለቱም ተባብረው እንዲሸከሙ። የቀይዋ ሞላ ለብቻዋ ናት፣ ሽቦዋ ወፍራም ይመስላል ግን ቀለሙ ነው የሚያወፍራት። ሳጥኑን 30 ትሪ በሚያክል ክብደት ሞልተን ልጁ ሲቀመጥበት ሾኩ ከነበረው መንገድ አብዛኛውን ጨርሶ ቁጭ አለ፣ ለጉድጓድ የተረፈው ሁለት ጣት አይሞላም። ዘንጉ ላይ ያለችው ማብረጃ ጎማ ተሰነጣጥቃለች፣ ማለትም በየቀኑ ጥግ እየመታ ነበር። ልጁ ይሄን ለመከላከል የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት መጨረሻ ድረስ አዙሮታል፣ ያ ከፍታውን ትንሽ ያነሳል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም፣ ዘይቱንም ምንም አያግዘውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በትክክል ማደስ ይቻላል ወይ ብለን አሰብን። ለዘንግ የተሰራ ትክክለኛ ሲል፣ ዘንጉን ዳግም ክሮም ማስነከር ወይም መቀየር፣ ቡሽ በልኩ ማስቶረን፣ ናይትሮጅን። ናይትሮጅኑ ላይ ተሰናከልን፣ ጎማ የሚነፉበት ናይትሮጅን ያላቸው ቤቶች አሉ ግን ጎማ ሁለት ባር ምናምን ነው የሚፈልገው፣ እንደዚህ ዓይነት ሾክ 10 ባር አካባቢና ከዛም በላይ ነው። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሞላው ያው አንድ ነው፣ ቁመቱም ያው ረዥም ነው። ጥፍር የሚይዝ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል ማስገባት ደግሞ ሲሉን ማሳረድ ነው። እኔ አይሆንም አልኩ። ለባዶ ሞተር፣ ለሽርሽር ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሞክረው ነበር።

ልጁ ወደ ባለሱቁ ተመለሰ። ባለሱቁ መጀመሪያ «ፈታችሁታል፣ የተፈታ ዕቃ አልመልስም» አለ፣ እውነቱን ነው፣ ቀኙ በመዶሻ ጭምር ነው የተነካው። ግራው ግን አልተፈታም ነበር። እሱን እና ሁለቱን አሮጌ ሞላዎች ይዞ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቁመቱንም ቡሹንም እዛው ለካለት። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ «ለዚህ ሞተር ይሆናል ብዬህ ነበር አይደል» አለና የአንዱን ዋጋ ተቀንሶለት ሌላ ዕቃ እንዲወስድ ተስማሙ፣ ጎማ ወሰደ። የቀረው ከሰረ።

ኦሪጅናሉን ፍለጋ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገባን። ለባጃጅ ሾክ የሚያቀርበው የህንዱ ኢንዱራንስ የሚባል ድርጅት ስለሆነ ብዙ ነጋዴ ይሄን ስም ይጠራል፣ ስሙን ግን ማንም ካርቶን ላይ ያትመዋል፣ እኛ ስም ትተን አሮጌውን ሾክ ይዘን ነው የዞርነው። የምናየው ሦስት ነገር ነበር፣ ቁመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑን፣ ቡሹ ፍሬሙ ላይ ካለው ዘንግ ጋር በተመሳሳይ ልክ በያዝነው ቁራጭ ብረት ላይ ያለ መዶሻና ያለ ጎማ ቁራጭ መግባቱን፣ በሞላው ክፍተት በስልክ መብራት ሲታይ ውስጥ ሁለተኛ ሞላ መኖሩን። ሁለቱ ሱቅ «ኦሪጅናል» ያሉን ዕቃ ውስጡ ባዶ ነበር። ሦስተኛው ጋ ተገኘ፣ ዋጋው ያማል፣ ተከራክረን ገዛን። አንዱን ብቻ ግዙ ያለን ሰው ነበር፣ አንዱ ደህና አንዱ የሞተ ከሆነ የኋላው ክንድ በየጉድጓዱ ይጣመማል፣ ስለዚህ ሁሌም ጥንድ ነው።

ገጠማው ቀላል ነው፣ ግን አንዱን አውልቆ አዲሱን ገጥሞ ከዛ ወደ ሌላው መሄድ ነው፣ ሁለቱም በአንዴ ከወለቁ ክንዱ ወርዶ ያታግላችኋል። ሮንዴላ በሁለቱም በኩል። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይዘን ሞተሩን በጎማው አቁመን ልጁ ሲቀመጥበት ነው ያጠበቅናቸው፣ ጎሚኒው በሚሠራበት ቦታ ላይ እንዲያርፍ፣ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው። ከዛ ሰንሰለቱ በረዥሙ ሾክ ተለክቶ ስለነበር ጭነት አስቀምጠን እንደገና አስተካከልነው። ጎማውንና ቸርኬውን በሳሙና ሁለቴ አጠብን፣ የኋላ ፍሬኑንም ከፍተን ሸራው ዘይት እንዳልነካው አየን፣ ደግነቱ አልደረሰበትም። ሳጥኑንም በያጁ ቤት ወስዶ ወደ ፊት አስጠጋው፣ መቀመጫው ስር ጥግ ድረስ፣ እኔ ለሾኩ ከአዲሱ ሾክ እኩል የጠቀመው ይሄ ይመስለኛል።

የፍልሰታን ጾም ፍቺ፣ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን ሙሉ ሳጥን እየጫነ አሳልፏል። ሾኮቹ ደረቅ ናቸው፣ የሚሰበረው እንቁላልም ቀንሷል፣ ከታች ያሉት ትሪዎች ላይ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። አሁን ኮብልስቶን ላይ ከኋላ ቀጭን ቋ ቋ የሚል ድምፅ ያሰማል። ሾኩ መስሎት ደንግጦ መጣ፣ ጎማውን ይዤ ወደ ጎንና ጎን ስወዘውዘው የኋላ ክንዱ ቡሽ ሰፍቶ ነው፣ ያ ሁሉ ጊዜ ተጣሞ ሲጎተት ሳይበላው አልቀረም። የሚቀጥለው ሁዳዴ ሲገባ እሱን እንፈታለን ብለናል።